መድኃኒቱን አገኘን፣ ፍለጋውን አቆምን፦ የአንድ የሜቴሞግሎቢኔሚያ ታካሚ የጉዳይ ጥናት

ስለ ጉዳዩ

የ31 ዓመት ሰው በራስ ምታት፣ በትንፋሽ ማጠርና በከንፈር መጥቆር ወደ ድንገተኛ ክፍል መጣ። ሕመሙ ሜቴሞግሎቢኔሚያ፣ ማለትም ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ከፊሉ ኦክስጅን ወደማይይዝ ሜቴሞግሎቢን የሚለወጥበት ችግር መሆኑን ለማወቅ ሁለት ሰዓት ገደማ ፈጀብን። ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል መሰለን፤ የሚወስደው መድኃኒት ይህን እንደሚያመጣ የታወቀ ስለሆነ መንስኤውን ጽፈን፣ አክመን፣ ሸኘነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ መድኃኒቱ ከሰውነቱ ጠፍቶ ሳለ ሜቴሞግሎቢኑ አልጠፋም። መድኃኒቱ ያገኘው ከልጅነቱ ጀምሮ ጎዶሎ ይዞ የኖረ ደም ነበር።

የመጀመሪያው ሁለት ሰዓት ስሕተት በየትኛውም ድንገተኛ ክፍል የሚደርስ ነው። ሁለተኛውን ስሕተት የሠራነው ግን ትክክለኛ መልስ እጃችን ከገባ በኋላ ስለሆነ እሱ ይበልጥ ያሳስበኛል። በዚያ ሌሊት ተረኛው የውስጥ ደዌ ሐኪም እኔ ነበርሁ። ታካሚው ጉዳዩ እንዲጻፍ ፈቅዷል፤ ማንነቱን የሚጠቁሙ ዝርዝሮች ተትተዋል ወይም ተለውጠዋል።

የታካሚው ታሪክ

ለሁለት ዓመት ያህል በክርኑ፣ በጉልበቱና በመቀመጫው ላይ ውሃ የሚቋጥር፣ እንቅልፍ የሚነሳ የሚያሳክክ ሽፍታ ነበረበት። የቆዳ ሐኪም ናሙና ወስዶ ደርማታይቲስ ሄርፔቲፎርሚስ መሆኑን አረጋገጠ። ይህ ሽፍታ የሚመጣው ሰውነት ግሉተንን (ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለ ፕሮቲን) እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲነሳበት ነው። ዋናው መፍትሔ ግሉተን የሌለበት አመጋገብ ቢሆንም ውጤቱ እስኪታይ ወራት ያልፋሉ። እስከዚያ ማሳከኩን የሚያበርደው ዳፕሶን ነው። ዳፕሶን በሥጋ ደዌ ሕክምና የሚታወቅ የቆየ መድኃኒት ሲሆን በዚህ ሽፍታ ላይ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ለውጥ ያሳያል።

መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ቀይ የደም ሕዋሳትን ከመፍረስ የሚጠብቀው የጂ6ፒዲ ኤንዛይም ምርመራ ተደርጎለት ጤናማ ሆኖ ተገኘ። የደም ቆጠራም ተሠራለት፤ ሄሞግሎቢኑ በዴሲሊትር 17.9 ግራም ነበር። መዝገቡ ላይ ከቁጥሩ አጠገብ «ጥሩ» ተብሎ ተጽፏል። ወደዚህ ቃል እመለሳለሁ።

በቀን 50 ሚሊግራም ጀምሮ ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ 100 ከፍ ተደረገለት። በስድስተኛው ሳምንት ሽፍታው አገረሸ። ቀጠሮው ሩቅ ነበር፣ መድኃኒቱ እንደሚሠራ ደግሞ በዓይኑ አይቷል። ስለዚህ ሐኪም ሳያማክር ለአምስት ቀን በቀን ሁለት ሁለት ፍሬ፣ ማለትም 200 ሚሊግራም ወሰደ። በአምስተኛው ቀን ደረጃ መውጣት አቃተው።

የመጀመሪያው ሁለት ሰዓት

ከታላቅ እህቱ ጋር መጣ። ልቡ በደቂቃ 118 ጊዜ ይመታል፣ በደቂቃ 24 ጊዜ ይተነፍሳል፣ የደም ግፊቱ 128 በ76፣ ትኩሳት የለውም። ከንፈሩና ጥፍሮቹ ጠቁረዋል። ጣቱ ላይ የተሰካው ኦክሲሜትር (የደም ኦክስጅን ሙሌት የሚለካ መሣሪያ) 86 በመቶ አሳየ። በጭንብል በደቂቃ 15 ሊትር ኦክስጅን ተሰጠው፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ 87 ሆነ። ሳንባው ሲደመጥ ንጹሕ ነው፣ ኤክስሬይው ንጹሕ ነው፣ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራው ከፍጥነቱ በቀር ምንም አላሳየም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሊያስቆመኝ ይገባ ነበር። ኦክሲሜትሩ 86 ያነበበለት ሰው ቁጭ ብሎ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይናገራል። ኦክስጅኑ ይህን ያህል የወረደበት የሳንባ ታካሚ እንዲህ አያወራም። እኔ ግን ቁጥሩን አምኜ ሰውየውን ተጠራጠርሁ። በሳንባ ደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ይኖራል ብዬ ሲቲ ስካን አዘዝሁ፣ ደም ማቅጠኛም ለመጀመር ተዘጋጀሁ። ወረፋው፣ የመርፌው ቀለም፣ ንባቡ፣ ሁሉም ተደምሮ ከአንድ ሰዓት በላይ ወሰደ። ሳንባው ውስጥ የረጋ ደም አልነበረም።

ጉዳዩን የፈታችው ነርሷ ናት። ለጋዝ ምርመራ ከእጁ አንጓ ደም ቅዳ ስትወስድ ሲሪንጁ ውስጥ የገባው ደም የጠቆረ ስለነበር ደም መልስ ወጋሁ ብላ እንደገና ቀዳች። ሁለተኛውም ጥቁር ሆነ። የምርመራው ውጤት ሲመጣ የኦክስጅን ግፊቱ 310 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነበር። ወረቀቱን ሰጥታኝ፣ «ዶክተር፣ ኦክስጅኑ ይህን ያህል ከሆነ ደሙ ለምን ጠቆረ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ጥያቄው ግን መልሱን ይዞ ነበር የመጣው።

ነጭ ማጣሪያ ወረቀት ላይ የእሱን ደም አንድ ጠብታ፣ አጠገቡ የራሴን አንድ ጠብታ አደረግን። የእኔ አየር ሲነካው ደመቀ። የእሱ እንደ ቸኮሌት ቡኒ ሆኖ ቀረ። ኦክስጅን ያጣ ተራ ደም አየር ሲያገኝ ይቀላል፤ ሜቴሞግሎቢን ግን አይቀላም። ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሮጠን ኮ-ኦክሲሜትር (የሄሞግሎቢን ዓይነቶችን ለይቶ የሚለካ) ባለው መሣሪያ ስናስለካ ሜቴሞግሎቢን 37 በመቶ፣ ሄሞግሎቢን 17.4 ተባልን።

ኦክሲሜትሩ 86 ላይ ለምን ቆመ

ሄሞግሎቢን ኦክስጅን የሚይዘው በመሐሉ ያለው ብረት ሁለት ቻርጅ ሲኖረው ነው። ብረቱ አንድ ኤሌክትሮን ሲያጣ ሦስት ቻርጅ ይሆንና ኦክስጅን መያዝ ያቆማል። ያ ነው ሜቴሞግሎቢን፤ በቀላሉ፣ የዛገ ሄሞግሎቢን ማለት ነው። በየቀኑ ከሁላችንም ሄሞግሎቢን ከ0.5 እስከ 3 በመቶ የሚሆነው በራሱ ይዝጋል። ሆኖም ሳይቶክሮም ቢ5 ሪዳክቴዝ የሚባል ኤንዛይም ያለማቋረጥ ስለሚጠግነው በጤናማ ሰው ደም ውስጥ 1 በመቶ አካባቢ ብቻ ይገኛል።

ጉዳቱ ድርብ ነው። የዛገው አይሠራም፤ ሳይዝግ የቀረው ደግሞ የያዘውን ኦክስጅን አጥብቆ ይዞ ለሕዋሳት መልቀቅ ያስቸግረዋል። የእኛን ታካሚ ብናሰላው ከ17.4 ግራም ውስጥ 6.4 ያህሉ ከሥራ ውጭ ሆኖ 11 ግራም ገደማ ቀርቶለታል። ሄሞግሎቢኑ 11 የሆነ የደም ማነስ ታካሚ በአብዛኛው በእግሩ ሥራ ይሄዳል። የእኛው ሰው ግን ደረጃ ላይ ቆሞ ያለከልካል። ልዩነቱ የመጣው ከዚህ ከማይለቅ ኦክስጅን ነው።

የጣት ኦክሲሜትር ሁለት ብርሃን ብቻ ነው የሚያውቀው፤ አንዱ በ660፣ ሌላው በ940 ናኖሜትር አካባቢ። ኦክስጅን የያዘና ያልያዘ ሄሞግሎቢን እነዚህን ብርሃኖች በተለያየ መጠን ስለሚውጡ መሣሪያው ከልዩነቱ ያሰላል። ሜቴሞግሎቢን ሁለቱንም በተቀራራቢ መጠን ይውጣል። ያኔ ሬሾው ወደ አንድ ይጠጋል፤ አንድ ደግሞ በመሣሪያው ሰንጠረዥ 85 በመቶ ማለት ነው። ስለዚህ ሜቴሞግሎቢኑ ሲበዛ ንባቡ ወደ 85 ተጎትቶ እዚያ ይቀራል፤ ኦክስጅን ቢጨመርም አይወጣም፣ በሽተኛው ቢብስም ብዙ አይወርድም። የጋዝ ምርመራውም በበኩሉ ያሳስታል፤ የኦክስጅን ግፊቱን ይለካና ሙሌቱን ሁሉም ሄሞግሎቢን ጤናማ ነው ብሎ በስሌት ያወጣዋል። የእኛው ወረቀት 99 በመቶ ይል ነበር። ጣቱ 86፣ ወረቀቱ 99፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ራሱ ምርመራ ነው።

ሕክምናው

ሜቴሞግሎቢኑ ከ30 በመቶ በላይ ስለሆነና ሕመም ስለተሰማው ሜቲሊን ብሉ የሚባለውን ሰማያዊ መድኃኒት ለመስጠት ወሰንን። ከዚያ በፊት ሁለት ጥያቄ ነበረን። አንደኛው ጂ6ፒዲ ነው። ሜቲሊን ብሉ የሚሠራው በሌላ፣ በወትሮው ብዙም በማይጠቅም የጥገና መንገድ ኤሌክትሮን በማመላለስ ሲሆን ለዚያ የሚያስፈልገውን ኃይል የሚያቀርበው የጂ6ፒዲ መስመር ነው። መስመሩ የጎደለበት ሰው መድኃኒቱ አይሠራለትም፤ እንዲያውም ቀይ የደም ሕዋሳቱን ሊያፈርስበት ይችላል። የቆዳ ሐኪሙ ከስድስት ሳምንት በፊት ያሠራው ምርመራ እዚህ ጠቀመን፤ ባይኖር ኖሮ በግምት እንወስን ነበር። ሁለተኛው፣ ለድብርት የሚሰጡ ሴሮቶኒን ጨማሪ መድኃኒቶችን ይወስድ እንደሆነ ነው፤ ሜቲሊን ብሉ ከእነሱ ጋር ሲገናኝ አደገኛ የሴሮቶኒን መብዛት ሊያመጣ ይችላል። አይወስድም።

68 ኪሎ ስለሚመዝን በኪሎ 1 ሚሊግራም ሒሳብ 70 ሚሊግራም በ5 ደቂቃ ውስጥ በደም ሥር ተሰጠው። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ኦክሲሜትሩ ወደ 72 ወረደ፤ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ደነገጠ። ያ የቀለሙ ሥራ ነው። ሰማያዊው ቀለም መሣሪያው የሚለካበትን ቀይ ብርሃን ስለሚውጠው ቁጥሩ ለጥቂት ጊዜ በውሸት ይወድቃል። ይህን አስቀድሜ ለቡድኑ ብናገር ኖሮ አንዱ ባልደረባ የመተንፈሻ ቱቦ ማዘጋጀት ባልጀመረ ነበር። ከ45 ደቂቃ በኋላ ራስ ምታቱ ተወው፣ ሜቴሞግሎቢኑ 11 በመቶ ሆነ። ሽንቱ አረንጓዴ እንደሚሆንም አልነገርነውም ነበርና ሌሊት ነርሷን ጠርቷል።

ሕክምናው ከተጀመረ ከ10 ሰዓት በኋላ ራስ ምታቱ ተመለሰ፤ ሜቴሞግሎቢኑ 26 በመቶ። ዳፕሶን ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። ግማሹ ለመውጣት በአማካይ አንድ ቀን ያህል ይፈጅበታል፤ ከጉበት በሐሞት በኩል ወደ አንጀት ወርዶም ተመልሶ ይመጠጣል። ሜቲሊን ብሉ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ያልቃል። ሁለተኛ 70 ሚሊግራም ሰጠን፤ ዙሩን ለመቁረጥም ታክሞ የተዘጋጀ ከሰል በየጊዜው እየደጋገምን አጠጣነው። በተጨማሪ ሲሜቲዲን ጀመርንለት። ደሙን የሚያዝገው ዳፕሶን ራሱ ሳይሆን ጉበት ከሱ የሚያወጣው ሃይድሮክሲላሚን ነውና ሲሜቲዲን ያንን የጉበት ሥራ ያዘገየዋል። በማግስቱ አንድ ጊዜ 21 በመቶ ደርሶ ሦስተኛ መጠን አስፈለገው። በጠቅላላው 210 ሚሊግራም፣ በኪሎ 3 ገደማ ወሰደ። በኪሎ 7 ሚሊግራም እንዳይታለፍ የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ መጠኑ ሲበዛ ሜቲሊን ብሉ ራሱ ሜቴሞግሎቢን ይፈጥራል።

በአምስተኛው ቀን ሕመም አልነበረውም። ሜቴሞግሎቢኑ 14 በመቶ ነበር። የመውጫ ወረቀቱ ላይ በእጄ፣ «ቀሪ የዳፕሶን ውጤት፤ በራሱ ይወርዳል» ብዬ ጻፍሁ።

ሳናየው ያለፈው ግማሽ

በሦስተኛው ሳምንት ለክትትል መጣ። ከዳፕሶን ከራቀ ከ20 ቀን በላይ ሆኖታል። ደህና ነኝ ይላል፣ ደረጃ ይወጣል፣ ሥራ ገብቷል። ሜቴሞግሎቢኑ 13 በመቶ።

መጀመሪያ ላቦራቶሪውን ተጠራጠርሁ፣ አስደገምሁ፤ 13። ከዚያ እሱን ተጠራጠርሁ፤ ተደብቆ ዳፕሶን ይወስዳል ብዬ ጠየቅሁት። ተቀየመኝ፤ እውነቱን ነው። በመጨረሻ መዝገቡን ከፍቼ ከመጀመሪያው ገጽ ማንበብ ጀመርሁ። በዚያ ሌሊት የተቀበለችው ነርስ በጻፈችው ማስታወሻ ላይ፣ ሳይነበብ የቀረ አንድ መስመር አገኘሁ፦ «እህቱ፦ ከንፈሩ ድሮም እንዲህ ነው፣ ዛሬ ባሰበት።»

እህቱን በስልክ ጠራኋት። «ምን ማለትዎ ነበር?» ስላት፣ «ዶክተር፣ እሱም ታላቅ ወንድማችንም ሕፃን ሆነው ጀምሮ ብርድ እንደመታው ሰው ናቸው። እናታችን የልብ ችግር ነው ብላ ይዛቸው ዞራ ምንም የለም ተባለች። ከዚያ ተውነው» አለችኝ። ታካሚው ራሱም ከዓመታት በፊት ጥርስ ሲነቀል ኦክሲሜትሩ 92 እንዳነበበና «እጅህ ቀዝቅዞ ነው» ተብሎ ጣቱን ሲያሹለት እንደነበር ትዝ አለው። ወላጆቻቸው የአክስትና የአጎት ልጆች ናቸው።

17.9ንም አሁን አየሁት። ዳፕሶን ቀይ የደም ሕዋሳትን በጥቂቱ ስለሚያፈርስ የሚወስደው ሰው ሄሞግሎቢን አብዛኛውን ጊዜ ዝቅ ይላል። የእኛው ሰው ከስድስት ሳምንት በኋላም 17.4 ላይ ነበር። ለዓመታት ከደሙ ስምንተኛው ሳይሠራ ሲቀር ሰውነቱ ተጨማሪ ቀይ ሕዋስ እየሠራ አካክሶለታል። ዝቅ ያለ ሄሞግሎቢን ሁሉም ይጠይቃል፤ ከፍ ያለው «ጥሩ» ተብሎ ታለፈ።

ደሙ ለኤንዛይም መለኪያ ተላከ። የሳይቶክሮም ቢ5 ሪዳክቴዝ ሥራ እጅግ ዝቅተኛ ነበር። የዘረመል ምርመራው ኤንዛይሙን በሚያዘው፣ በ22ኛው ክሮሞሶም ላይ ባለው ዘረመል ሁለቱም ቅጂዎች እንከን እንዳለባቸው አሳየ። ይህ የመጀመሪያው ዓይነት ይባላል፤ ጉድለቱ ቀይ የደም ሕዋስ ላይ ብቻ ስለሚወሰን ሰውየው ሰማያዊ ሆኖ ጤናማ ኑሮ ይኖራል። ሁለተኛው ዓይነት በሁሉም ሕዋሳት ላይ ስለሚሆን ከባድ የአእምሮ እድገት ችግር ያመጣል፣ ዕድሜም ያሳጥራል። ሦስተኛ የውርስ መንገድም አለ። ሄሞግሎቢን ኤም በሚባለው ኤንዛይሙ ደህና ሆኖ ሄሞግሎቢኑ ራሱ ተሳስቶ ይሠራል፤ ከአንድ ወላጅ ብቻ ይወረሳል፣ ሜቲሊን ብሉም አይነካውም። የእኛ ታካሚ በ45 ደቂቃ ከ37 ወደ 11 መውረዱ ሄሞግሎቢን ኤምን ያኔውኑ ከዝርዝሩ አውጥቶልን ነበር። እኛ ግን ዝርዝሩን ራሱን አላወጣንም።

ይህ ጉድለት ቆየት ያለ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጀመሪያ በሰሜን አየርላንድ ጀምስ ዲኒ የሚባል ሐኪም ሁለት ሰማያዊ ወንድማማቾችን በቫይታሚን ሲ አክሞ ቀለማቸውን መለሰ። ክዌንቲን ጊብሰን ደግሞ በ1948 ጎዶሎው ያለበትን የኤንዛይም መንገድ አሳየ። በአሜሪካ ኬንታኪ ግዛት ለትውልዶች ሰማያዊ ሆነው የኖሩትን ቤተሰብ ማዲሰን ኮዌን በ1960ዎቹ በሜቲሊን ብሉ ሲያክም ቀለማቸው በደቂቃዎች ውስጥ ተለወጠ። እነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ረጅም ዕድሜ ኖረዋል። መታከም የሚያስፈልገው ቀለሙ ሳይሆን ድንገት የሚጨመርበት ነገር ነው።

ምን ሠራ፣ ምን አልሠራም

የሠራው በአብዛኛው ከእኔ በፊት የተሠራ ነው። ዳፕሶን ሳይጀመር ጂ6ፒዲ መመርመሩ ሜቲሊን ብሉን ያለ ፍርሃት እንድንሰጥ አስቻለን። የነርሷ ጥያቄና የሁለት ጠብታ ደም ምርመራ ከሲቲ ስካኑ በላይ ነገረን፤ ወጪውም አንድ ወረቀት ነው። ከሰሉ ጠቅሞናል ብዬ አምናለሁ። ስለ ሲሜቲዲን ይህን ያህል እርግጠኛ አይደለሁም፤ ከከሰሉ ጋር አብሮ ስለተጀመረ የየትኛው ውጤት እንደሆነ ከአንድ ታካሚ መለየት አይቻልም።

ያልሠራው፦ ኦክስጅን መጨመር ቁጥሩን አላንቀሳቀሰም፤ እኛ ግን አለመንቀሳቀሱን እንደ ምልክት ሳይሆን እንደ በሽታ ክብደት ተረጎምነው። ከመጀመሪያው የሜቲሊን ብሉ መጠን በኋላ ወደ ተራ ክፍል አዛውረነው በየስንት ሰዓቱ ይለካ የሚል ትእዛዝ አልጻፍንም። 26 በመቶ የደረሰው ራስ ምታቱን እሱ ስለነገረን ታወቀ። በኋላ የሞከርነው ቫይታሚን ሲም ብዙ አልረዳም። በቀን 500 ሚሊግራም ለሁለት ወር ወስዶ ወደ 10 በመቶ ወረደለት፤ ከንፈሩ ትንሽ ቀላ፤ ከዚያ «ለዚህ ብዬ በየቀኑ መድኃኒት አልውጥም» ብሎ ተወው። አልተከራከርሁትም። ቫይታሚን ሲ በብዛት ለዓመታት ሲወሰድ የኩላሊት ጠጠር ሊያመጣ ይችላል፣ ችግሩም የመልክ ብቻ ነው።

ትልቁ ስሕተት ያ የመውጫ ወረቀት ነው። በአምስተኛው ቀን የነበረው 14 በመቶ ከዳፕሶኑ ጋር ይስማማል ወይ ብዬ ማስላት እችል ነበር። መድኃኒቱ በቀን በግማሽ ይቀንስ ቢባል በአምስተኛው ቀን ከሠላሳ እጅ አንዱ ነው የሚቀረው። ከሠላሳ አንድ እጅ የቀረ መድኃኒት 14 በመቶ ሜቴሞግሎቢን ይዞ ሊቆይ አይችልም። ሒሳቡ ከሁለት ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ግን አንድ መንስኤ ተገኝቷልና የቀረውን ቁጥር ሁሉ ለሱ ሰጠሁት።

ለሌላ ጉዳይ የሚሻገሩ ትምህርቶች

ዳፕሶን የሚወስድ ሰው ሁሉ በጥቂቱ ይዝጋል፤ እንዲህ የሚወድቅ ግን ጥቂት ነው። አንድ መድኃኒት ብዙዎችን ሳይጎዳ አንዱን ሲጥል፣ «ይህ መድኃኒት ይህን ያመጣል» የሚለው መልስ ግማሽ ነው። ቀሪው ግማሽ «ለምን እሱን?» ነው። እኛ የመጠኑን እጥፍ መሆን ይዘን ያንን ጥያቄ ዘለልነው። መጠኑ እውነትም ምክንያት ነበር፤ ብቻውን አልነበረም።

ከሕክምና በኋላ የመነሻ ልኬት ያስፈልጋል። አሁን በክፍላችን መድኃኒት ያመጣው ሜቴሞግሎቢኔሚያ ያለበት ሰው ሁሉ መድኃኒቱ ከሰውነቱ ሙሉ በሙሉ ከወጣ በኋላ አንድ ጊዜ በኮ-ኦክሲሜትር ይለካል። ከ2 በመቶ በታች ከሆነ ጉዳዩ ይዘጋል። ዳፕሶን ላልነበረበት ለሌላውም እንዲሁ፤ ጉሮሮ ላይ በሚነፋ ቤንዞኬይን፣ በፕሪሎኬይን፣ በፕሪማኩዊን፣ በራስቡሪኬዝ ወይም በናይትራይት ቢመጣም። ጨቅላ ሕፃናት ላይ ጥያቄው ሌላ መልክ አለው። ኤንዛይሙ በመጀመሪያዎቹ ወራት በሁሉም ሕፃን ላይ ገና ያልጎለመሰ ነው፤ ስለዚህ ናይትሬት የበዛበት የጉድጓድ ውሃ ወተት ውስጥ ሲገባ ምንም ውርስ የሌለበትን ልጅም ሰማያዊ ያደርጋል።

አንድ እንከን ያለበት ቅጂ ብቻ የያዘ ሰው አይጠቁርም፤ መነሻ ልኬቱም ጤናማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የታተመ ዘገባ በቬትናም የወባ መከላከያ ክሎሮኩዊን፣ ፕሪማኩዊንና ዳፕሶን ይወስዱ የነበሩ የአሜሪካ ወታደሮች ሰማያዊ ሲሆኑ እንዲህ ያሉ ተሸካሚዎች መሆናቸውን አሳይቷል። ለዚህ ነው የታካሚውን እህት፣ ከንፈሯ ቀይ ሆኖ ሳለ፣ ያስመረመርናት። የኤንዛይሟ ሥራ ከጤናማው ግማሽ ያህል ነው። ታላቅ ወንድሙ እንደተጠበቀው 15 በመቶ ሆነ። ዕድሜውን ሙሉ ሰማያዊ ሆኖ ኖሮ የሚያውቀው ብቸኛ ምርመራ እናቱ በልጅነቱ ያስደረገችው የልብ ምርመራ ነበር።

ቤተሰብ የሚናገረውን በተመለከተ ብዙ አልልም። እህቱ መልሱን በገባን በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሰጥታን ነበር፤ ነርሷም ጽፋዋለች። አሁን የተረኛ ሐኪም ቅጽ ላይ «ከመድረሱ በፊት ቀለሙ ምን ይመስል ነበር?» የሚል መስመር ጨምረናል። የድሮ ፎቶግራፍ ማየትም ይረዳል፤ ወንድማማቾቹ አብረው የተነሱትን አንድ ፎቶ እህቱ በስልኳ ስታሳየኝ ልዩነቱ ለማንም የሚታይ ነበር።

አሁን ያለበት

ዳፕሶን ለዘለቄታው ተከልክሎ ሽፍታው ግሉተን በሌለበት ምግብ ብቻ እየተያዘ ነው። የመጀመሪያዎቹ አምስት ወራት ከባድ ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ ማሳከኩ ቀነሰ። ሦስቱም ወንድማማችና እህት በኪሳቸው የሚይዙት ካርድ ሰጠናቸው። ካርዱ ላይ የኤንዛይሙ ስም፣ የሚከለከሉ መድኃኒቶች፣ ጂ6ፒዲ ጤናማ መሆኑና ለሁለቱ ወንዶች የወትሮ ሜቴሞግሎቢናቸው ተጽፏል። ከሥሩ፣ «የጣት ኦክሲሜትር በዚህ ሰው ላይ አያስተማምንም፤ በኮ-ኦክሲሜትር ይለካ» ይላል።

ባለፈው ክትትል አዲስ የተመደበ ነርስ ጣቱ ላይ መሣሪያውን ሰክቶ 92 ሲያነብ እጁን ማሸት ጀመረ። ታካሚው በሌላ እጁ ካርዱን አውጥቶ ሰጠው።